ሐጂ ከሊፋ ያስሞሉኝ ቅጽ

ኢናስ ዶክተር ሆነች! ጨረሰች፣ ተመረቀች፣ በቃ! ልጄ ሐኪም ናት!

ውይ፣ ሰላም እንኳን ሳልልሽ። ውድ ጁማናዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ዱከም እንዴት ነው? እኔማ ደስታው ሱቄን አስዘግቶኝ፣ ለማውቀውም ለማላውቀውም ስናገር ቡራዩን ስዞራት ዋልኩ።

ታምኛለሽ፣ አሁንም "ሲስተር" ነው የሚሏት። አንድ ሽማግሌን መርምራ፣ መድኃኒት ጽፋላቸው ስታበቃ፣ "ተባረኪ ልጄ፣ በይ አሁን ዶክተሩን ጥሪልኝ" አሏት። "እኔ ነኝ አባባ" ብትላቸው፣ "ግድ የለም፣ እስኪመጣ እጠብቃለሁ" ብለው ቁጭ! እኔ ስቄ ሞትኩ። እሷ አልሳቀችም።

በምርቃቷ ድግስ ቀን ነጩን ጋዎን አንቺ እንድታለብሻት ትፈልጋለች። "ክረምት ክረምት ያስጠናችኝ እሷ፣ ሌላ ማንም አያለብሰኝም" ብላ ድርቅ አለች። እንግዲህ ከመምጣትሽ በፊት ይህን እወቂ።

አሥራ ሁለተኛን የጨረስን ጊዜ፣ አንቺ ታይፎይድ ጥሎሽ ሳለ፣ አባትሽ ሐጂ ከሊፋ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ቅጽሽን ይዘው ቤታችን መጡ። "ሳሊሃ፣ ጽሕፈትሽ ያምራል፣ ሙይልኝ" አሉኝ።

"ሕክምና ነው የምትፈልገው" አልኳቸው።

"የወንድ ገላ ስትነካካ ልትውል? ማን ሊያገባት! አስተማሪ በይ።"

አስተማሪ ብዬ ጻፍኩ።

ጁማና፣ አባትሽ፣ አላህ ይማራቸውና፣ ማንበብ አይችሉም ነበር። ሕክምና ብዬ ብሞላ ማን ያውቅብኝ ነበር? ግን የእኔ ነጥብ የትም አያስገባኝም ነበር። አንቺ ሐኪም ሆነሽ፣ እኔ እዚሁ ስቀር ታየኝ። የሳቸው ትእዛዝ ተመቸኝ።

ሲሻልሽ "ሞላሽልኝ?" አልሽኝ። "አዎ" አልኩሽ። ይኸው ሃያ ስምንት ዓመት፣ "መንግሥት ነው የመደበኝ" እያልሽ ለሰው ልጅ ባዮሎጂ ታስተምሪያለሽ። የኔንም ልጅ ጨምሮ።

ይቅር በይኝ ለማለት አፌ አይደፍርም። ዓመቶችሽን ማንም አይመልስልሽም፤ የኢናስ ዲግሪም አይተካቸውም። እንደማትመጪ ልቤ ያውቀዋል። ካልመጣሽ ጋዎኑን ራሷ ትልበሰው፤ እኔ አላለብሳትም። ለምን ስትለኝ ይህንኑ እነግራታለሁ፣ ደስታዋንም አብሬ እወስድባታለሁ።

የሰበታ የክፍል ጓደኞቻችን፣ የሱሉልታ ዘመዶችሽ ሁሉ ተጠርተዋል። ማንም እንዳይቀር ብያለሁ፦ እሑድ ሐምሌ 20፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ቡራዩ፣ እኛ ቤት።

ሳሊሃ