ጉልበቴ ላይ የጻፍኩት ሶሎ

ቀን፦ ሰኔ 13 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለላህ ዩኒቨርሲቲ የባህልና ኪነ ጥበብ ማእከል ዳይሬክተር
ፍኖተ ሰላም

አመልካች፦ መምህር ምናለ እጅጉ፣ በፈታም ዳር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክወና ጥበባት መምህር
አድራሻ፦ ቡሬ

ጉዳዩ፦ በተማሪ እፀገነት ደረሰ ላይ የተጻፈው የቅጣት ደብዳቤ እንዲሻር፣ ጥፋቱ በእኔ ስም እንዲመዘገብ፣ በሰኔ 6 ቀን ደብዳቤ የተመሰገነው የድምፅ ቅጂም እንዲጠፋ ስለመጠየቅ

ክቡር ዳይሬክተር፣

ማእከሉ ብዙ ሥራ እንዳለበት አውቃለሁ። ቢሆንም ይህን አቤቱታ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። መሃል ላይ ካቆሙት ዩኒቨርሲቲውን ብቻ የከሰስኩ ይመስልዎታል። ወደ መጨረሻው ግን ራሴንም ከስሻለሁ።

1. በማስተማር ሥራ ላይ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ። ትራምፔት የተማርኩት በዞን የኪነት ቡድን ውስጥ ነው። ተማሪ እፀገነት ደረሰ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪና የትምህርት ቤታችን የጃዝ ቡድን ትራምፔት ተጫዋች ናት። የተወለደችው ቋሪት ውስጥ ገበዝ ማርያም ሲሆን፣ የምትማረው ቡሬ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ነው። አባቷ አቶ ደረሰ ወልደ ዮሐንስ ገበሬ ናቸው፤ በወጣትነታቸው አራት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይተዋል። ይህን የምጠቅሰው ለጉዳዩ ስለሚያስፈልግ ነው። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በቅኔ ቤት ተማሪው የሚያቀርበው ቅኔ የዚያው ዕለት መሆን አለበት። የትናንቱን ይዞ የቀረበ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል። አቶ ደረሰም ልጃቸውን ያሳደጓት በዚሁ ጠባይ ነው። ልጅቱ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያ ሶሎዋን ያሰማችን ቀን ደስ ብሎኝ፣ «በጣም ጥሩ ነው፣ እስቲ ድገሚው» አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝና፣ «እሱማ አለቀ እኮ መምህር» አለችኝ። ጃዝ ምን እንደሆነ ስንት ዓመት ሳስረዳ እንደዚያ ባጭሩ ተናግሬው አላውቅም።

2. ዩኒቨርሲቲው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የጃዝ ፌስቲቫል ማዘጋጀቱን ስንሰማ ትምህርት ቤታችን በደስታ ተመዘገበ። ከዚያ ቅጽ 03 መጣ። በቅጹ ተራ ቁጥር አራት ላይ «የሚቀርበው ሙዚቃ፣ ሶሎውን ጨምሮ፣ ሙሉ ኖታው ተጽፎ፣ በመምህሩ ተፈርሞ፣ የትምህርት ቤቱ ማኅተም አርፎበት ከሦስት ቀን በፊት ገቢ ይደረግ» ይላል። ክቡር ዳይሬክተር፣ የጃዝ ሶሎ ተጫዋቹ መድረክ ላይ ቆሞ፣ በዚያች ሰዓት የሚፈጥረው ነው። ገና ያልተፈጠረን ነገር ከሦስት ቀን በፊት በማኅተም አምጡ የሚል ቅጽ ያወጣው ኮሚቴ ስለ ጃዝ ከስሙ በቀር የሚያውቀው እንዳለ እጠራጠራለሁ። ይህን በቃል ለአስተባባሪው ለአቶ እንዳለው አስረድቼ ነበር። «መምህር፣ አያካብዱት፣ የሆነ ነገር ሞልተው ያስገቡ፤ ሁሉም የሚያደርገው እንዲሁ ነው» አሉኝ።

እኔም እንደ ሁሉም አደረግሁ። ባዶ የኖታ ወረቀት ላይ ፈረምኩ፣ ባዶው ላይ ማኅተም አስመታሁ፣ ግንቦት 2 ቀን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጎኔ የበርበሬ ጆንያ ነበረ፤ እያስነጠስኩ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሶሎውን ጻፍኩት። ማንኩሳ ስንደርስ አልቆ ነበር። ወደ ላይ ሦስት ድምፅ፣ ወደ ታች ሦስት ድምፅ፣ ጀማሪ ተማሪ ጣቱን የሚያፍታታበት ዓይነት ነገር ነው። ለእፀገነት አላሳየኋትም። የማይጫወቱትን ነገር ማሳየት ምን ያደርጋል ብዬ ነበር።

3. ግንቦት 5 ቀን ቅዳሜ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ሰባት ትምህርት ቤቶች ቀረቡ። ክቡርነትዎም ከፊት ረድፍ ላይ ነበሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ስልክዎን ይመለከቱ ስለነበር ያመለጠዎትን ልንገርዎ። ከእኛ በፊት የቀረቡት አምስት ቡድኖች ጃዙን እንደ ሰንደቅ ዓላማ መዝሙር አሰልፈው አሳለፉት። ሶሎ የተባለው ሁሉ የተሸመደደ ነበር። አምስተኛው ቡድን ውስጥ የነበረ አንድ ሳክስፎን ተጫዋች ሶሎውን መሃል ላይ አቁሞ፣ የኖታውን ገጽ ገልብጦ ቀጠለ። በ«ፈጠራ» ዘርፍ ከሠላሳ ሃያ ስምንት ተሰጠው። በልጁ አልፈርድም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ዳኞቹ ግን ቀኑን ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ወረቀቱን በጣታቸው ሲከተሉ ዋሉ። ሙዚቃ ለመዳኘት ተቀምጠው ተጫዋቹን አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለው አላዩትም።

ስድስተኛ እኛ ወጣን። እፀገነት ሶሎዋን የጀመረችው ያ የሳክስፎን ተጫዋች ገጽ ሊገለብጥ ካቋረጠበት ቦታ ነው። የተቆረጠችውን ሐረግ አንሥታ ጨረሰችለት፣ ከዚያ ይዛት ሄደች። ልጁ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ሳቀ፤ አዳራሹ ሙሉ ወሬውን አቆመ። ክቡር ዳይሬክተር፣ ይህን በየትኛው ቅጽ ላይ ከሦስት ቀን በፊት ልጻፈው? እኔ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንደዚያ ያለ ነገር በጆሮዬ አልሰማሁም፤ እንባዬም መጥቶ ነበር።

የአንዱ ዳኛ ጣት ወረቀቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ተንከራተተና፣ ዳኛው የራሳቸው ማይክራፎን ክፍት መሆኑን ሳያውቁ «ይህች ልጅ ጠፍታለች» አሉ። አቶ እንዳለው ለድምፅ ባለሙያው በእጃቸው ምልክት ሰጡ። የእሷ ማይክራፎን ተዘጋ። እሷ አላቆመችም። ድራም የሚመታው ተማሪ ስሜነህ ዱላዎቹን መሬት አስቀምጦ፣ እሷ እንድትሰማ በጣቶቹ ብቻ እየመታ አጀባት። ውጤቷ በ«ፈጠራ» ዘርፍ ዜሮ ሆኖ ተለጠፈ፤ ምክንያቱም «ከጸደቀው ኖታ በመውጣት» ይላል።

4. ከዚህ በታች ያለው በእኔ ላይ የሚቆጠር ነው። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ኮሚቴው ፊት ቀረብን። ወረቀቱ ወጥቶ፣ «ይህ የእርስዎ እጅ ጽሑፍ ነው?» ተባልኩ። «ነው» አልኩ። «ለተማሪዋ ሰጥተዋት ነበር?» ተባልኩ። «ሰጥቻት ነበር» አልኩ። ዋሸሁ። የዋሸሁት በባዶ ወረቀት ላይ ማኅተም ማስመታቴ እንዳይታወቅ ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እፀገነት ከጎኔ ቆማለች። በእኛ አገር ተማሪ መምህሩን በሰው ፊት ዋሽተዋል ብሎ አያጋልጥም፤ አስተዳደጓም አይፈቅድላትም። አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ አቀረቀረች። «የምትይው አለሽ?» ስትባል «የለኝም» አለች። ዝምታዋ በቃለ ጉባኤው ላይ «ጥፋቷን አምናለች» ተብሎ ሰፈረ። እኔም እንደ ምስክር ፈረምኩበት።

አባቷ ከገበዝ ማርያም ድረስ መጥተው ውጭ ቆመው ይጠብቁ ነበር። እኔን የሚጠሩኝ የኔታ እያሉ ነው። «የኔታ፣ ልጂቱ የትላንቱን ደግማ ቢሆን እኔው ነበርሁ የምቀጣት። ኸኔ በፊት እነሱ ምኗን ነው የያዟት?» ብለው ጠየቁኝ። «የአሠራር ጉዳይ ነው» አልኳቸው። ይህችን መልስ በሌሎች ቢሮዎች ስንት ጊዜ ሰምቼ ተጸይፌያታለሁ። ያን ቀን ከራሴ አፍ ወጣች።

5. ግንቦት 16 ቀን ከማእከሉ ደብዳቤ ደረሰ። «ተማሪዋ መምህሯ የሰጧትን ኖታ ሆን ብላ በመተው የሥነ ምግባር ጉድለት ስላሳየች» ይልና፣ ሚያዝያ ውስጥ በዩኒቨርሲቲው መምህራን ተፈትና ያገኘችውን የክረምት የሙዚቃ ሥልጠና ቦታ ያግዳል። ወደ ዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ትምህርት ክፍል መግቢያው ይኸው ሥልጠና መሆኑን ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ሥልጠናው ሐምሌ 3 ቀን ይጀመራል። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ፣ የጸደቀውን ኖታ አንድም ሳታጎድል ተጫውታ ቅጂውን ብትልክ እገዳው እንደሚነሣላት ይገልጻል።

እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። በቀላሉ ልናልፈው ነው አልኩ። ግንቦት 29 ቀን ጠርቼ ያን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጠኋት። አየችውና፣ «ይሄ የማን ነው?» አለችኝ። «የማንም አይደለም፣ ዝም ብለሽ ተጫወችው» አልኳት። ቆማ ተጫወተችው። አንድም አልሳተችም፣ አልፈጠነችም፣ አልዘገየችም፣ ከራሷም ምንም አልጨመረችበትም። በስልኬ ቀዳሁት። ስትጨርስ ትራምፔቱን ሳጥኑ ውስጥ አስገባች፣ እሷ ዘንድ የነበረውን የሙዚቃ ዕቃ ክፍል ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች፣ «እግዜር ይስጥልኝ መምህር» ብላ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ልምምድ ክፍል አልመጣችም። ክፍል ውስጥ ስጠይቃት ትመልሳለች፤ ከዚያ ያለፈ አንድ ቃል አላናገረችኝም።

6. ቅጂውን እኔው ላክሁት። ሰኔ 6 ቀን የመጣው መልስ «ተማሪዋ የታየባትን ጉድለት ሙሉ በሙሉ አስተካክላለች» ይላል። እገዳውን ያነሣል። ይህም ሳይበቃ ቅጂው «ለተሳታፊ ትምህርት ቤቶች አርአያ እንዲሆን» በሚቀጥለው ዓመት ፌስቲቫል መክፈቻ ላይ ለሕዝብ እንደሚሰማ ያበሥራል። ደብዳቤውን መምህራን ማረፊያ ውስጥ አነበብኩትና ወጥቼ ከግንቡ ኋላ ተፋሁ። ጉልበቴ ላይ፣ በበርበሬ እያስነጠስኩ የሞነጫጨርኩት ነገር ከፌስቲቫሉ ሙዚቃ ሁሉ ተመርጦ አርአያ ሆነ። ያን ቀን ማይክራፎኗ ተዘግቶ የተጫወተችው ግን ጉድለት ተባለ። ከዚህ የባሰ ስድብ በሙዚቃ ላይ ሲሰነዘር አላየሁም፤ ስድቡን የጻፍኩት እኔ መሆኔ ደግሞ እንቅልፍ ነሥቶኛል።

7. ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። በግንቦት 16 ቀን የተጻፈው ደብዳቤ ከተማሪዋ የግል ማኅደር ወጥቶ፣ በባዶ ወረቀት ላይ ማኅተም በማስመታቴና ለኮሚቴው በመዋሸቴ ጥፋቱ በእኔ ስም እንዲመዘገብ፤ የሚመጣውን ቅጣት እቀበላለሁ። የሰኔ 6 ቀኑ ምስጋናም እንዲነሣ፣ ቅጂውም በመክፈቻም ሆነ በሌላ በማንኛውም ቦታ እንዳይሰማና እንዲጠፋ። ዩኒቨርሲቲው የግንቦት 5 ቀኑን ዝግጅት በቪዲዮ ቀርጿል፤ ዳኞቹ ወረቀት ሳይዙ፣ ቀና ብለው፣ ስድስተኛውን ቡድን አንድ ጊዜ እንዲያዩት። ማይክራፎኗ ከተዘጋ በኋላ ያለውን ለመስማት ትንሽ ጆሮ ማቅናት ያስፈልጋል። ቅጽ 03 እንደሚሻርም ተስፋ አደርጋለሁ፤ ካልተሻረ ግን የፌስቲቫሉ ስም ይለወጥ። የሥልጠና ቦታዋ እስከ ሐምሌ 3 ቀን ይጠበቅላት፣ እመጣለሁ ብላ እንድትፈርም ግን ማንም እንዳያስገድዳት። መምጣት አለመምጣቷን እኔ በእሷ ፋንታ ልናገር አልችልም፤ በእሷ ፋንታ አንድ ጊዜ ተናግሬ ያመጣሁት ይበቃል።

8. ይህን አቤቱታ ከማስገባቴ በፊት ትናንት ለእፀገነት፣ ለአባቷና ለርእሰ መምህራችን አነበብኩላቸው። አቶ ደረሰ ሰምተው ሲጨርሱ፣ «እንግዲህ የኔታ፣ ለልጂቱ ነው እንጂ ለኔማ ምን ይነግሩኛል» አሉኝ። እሷ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ ራሷ እንደገና አነበበችው። በመጀመሪያው ረቂቅ ተራ ቁጥር አራት ላይ «በድንጋጤ ሰጥቻት ነበር አልኩ» ብዬ ጽፌ ነበር። ጣቷን ቃሉ ላይ አድርጋ፣ «መምህር፣ ደንግጠው አልነበረም፤ አይቼዎታለሁ» አለችኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከክፍል ውጭ ያናገረችኝ ይህንኑ ነው። እውነቷን ነው። «በድንጋጤ» የሚለውን አውጥቼ «ዋሸሁ» ብዬ ጻፍኩ፣ እሷም አይታ መለሰችልኝ።

የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ እንዳኖረችው አለ። ትናንት ስትወጣ አየችው፤ አላነሣችውም።

ውሳኔዎን በትዕግሥት እየጠበቅሁ፣ ለማእከሉ ካለኝ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ምናለ እጅጉ
የክወና ጥበባት መምህር

ግልባጭ፦
ለፈታም ዳር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር
ለፌስቲቫሉ አስተባባሪ ለአቶ እንዳለው
ለአቶ ደረሰ ወልደ ዮሐንስ፣ ገበዝ ማርያም
ለተማሪ እፀገነት ደረሰ፣ በእጇ