የፊት ቀኝ ጎማ ዳዶዎች

ውድ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ አባባ ደህና ናቸው። ይህን ያስቀደምኩት ከእኔ ወፍራም ፖስታ ሲደርስህ ልብህ ወዴት እንደሚሮጥ ስለማውቅ ነው። እኔም ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የሚነገር ሕመም የለብኝም። ስለዚህ ወንበር ስበህ፣ መነጽርህን አድርገህ፣ ተረጋግተህ አንብበው። እኔ ነገርን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ መጨረሻው እንደሚጠፋኝ ታውቃለህ።

አባባ መኪናዋን ሊሸጧት ወስነው ነበር። አረንጓዴዋን፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላትን፣ በሃያ ዓመትህ እንደ ሰው ታናግራት የነበረችውን የስፖርት መኪና ነው የምልህ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሸራ ለብሳ ጓሮ ቆማለች። እኔ ጡረታ ወጥቼ ቤት መዋል ስጀምር አባባ «ከሞትኩ በኋላ ብቻሽን ከብረት ጋር ከምትታገዪ፣ ዓይኔ እያየ ለሚወዳት ሰው ትሂድ» አሉኝ። አንድ መካኒክ አራት ወር እየተመላለሰ ሞተሯንም ፍሬኗንም አስተካከለ፤ አዲስ ጎማም ገባላት። የቀረው ጎማውን ብሎኑ ላይ የሚያስረው ዳዶ ነበር። የፊት ቀኙ አራቱም ከዚያን ቀን ጀምሮ የሉም፤ የሌሎቹን ደግሞ ዝገት በልቷቸዋል። መካኒኩ «እኔ ልግዛው ቲቸር» ቢለኝ «ተወው፣ እኔ ለክቼ እገዛዋለሁ» አልኩት።

ከኋላ ጎማ አንዱን አሮጌ ዳዶ ፈትቼ፣ በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ ለካሁት። የቀዳዳው ስፋት ዐሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር። ከጥርስ እስከ ጥርስ አንድ ተኩል። የሚፈታው በዐሥራ ዘጠኝ ቁጥር መፍቻ። ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ለክቼ ደብተር ላይ ጻፍኩ፤ ከሥሩም በማስመሪያ አሰመርኩ። ከዚያ በኩራት ወደ ገበያ ወጣሁ።

መለዋወጫ ሻጯ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ከወለል እስከ ጣሪያ በተደረደሩ ትንንሽ መሳቢያዎች መካከል ተቀምጣ፣ የትኛው ውስጥ ምን እንዳለ ሳታይ እጇን ትሰዳለች። ደብተሬን አነበበች፣ ዳዶውን በጣቶቿ አገላበጠች፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አደረገችና

«ቸርኬውስ?» አለችኝ።

«የምን ቸርኬ?»

«ጎማውን የተሸከመው ነዋ! ዳዶው የሚያርፍበት።»

«የብሎኑን ልክ ይዣለሁ። ጥርሱ ከገጠመ ገጠመ ነው።»

«እህቴ፣ ዳዶ ብሎኑን ቢያገባም ቸርኬው አማቱ ነው። ከአማቱ ጋር ካልተስማማ ያ ትዳር አይረጋም።»

ወረፋ የያዙት ሾፌሮች ሳቁ። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። «የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ» ብላት፣ «ታዲያ ጥያቄውን ግማሽ ብቻ ነው የሠራሽው። ሂጂና ቸርኬውን አምጪ» ብላ ሰደደችኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ተማሪ ወደ ቤት ስመልስ የኖርኩ ሴት፣ የቤት ሥራዬን ሳልጨርስ ተመለስኩልህ።

ቸርኬውን በታክሲ ይዤ መጣሁ። ሻጯ ባንኮኒው ላይ አጋድማ አሮጌውን ዳዶ ቀዳዳው ላይ አስቀመጠችና በአውራ ጣቷ ነካ አደረገችው። ተወዛወዘ።

«አየሽ? የዳዶሽ አፍ ሾጣጣ ነው። የቸርኬው ቀዳዳ ግን ጠርዙ ሜዳ ነው። ጫፉ ብቻ ነው የሚነካካው። የፈለግሽውን ያህል ብታጠብቂው መንገድ ላይ ይላላል። የዚህ ቸርኬ ዳዶ ይኼ ነው።» ከአንድ መሳቢያ አንገት ያለው፣ ሮንዴላ የሚሉትን ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት የለበሰ ዳዶ አወጣች። ስታስቀምጠው ሸክም ያወረደ ሰው እንደሚቀመጥ ቁጭ አለ። እንደገና ነካችው፤ ንቅንቅ አላለም።

«ለመሆኑ» አለችኝ፣ «ያንን ሾጣጣ ለዚህ ቸርኬ የገዛው ማነው? ሰው አልፈጀም?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና በርጩማ ገፋችልኝ።

ወንድሜ፣ በዚያ በርጩማ ላይ ሳለሁ የሰማሁት የአንተን ድምፅ ነው። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አባባ የብረቶቹን ቸርኬዎች አስወልቀው ቀላሎቹን አሉሚኒየም የገዙበት ሳምንት ነበር። «ዳዶውን እሷ ትግዛ፤ አንተ ትቸኩላለህ» አሉህ። እኔ በማስመሪያዬ ለክቼ ገዛሁ። አንተ እስከ ጆሮህ ግሪስ ተቀብተህ ከፊት ቀኙ ጎማ ሥር ተንበርክከህ ነበር። አንዱን ዳዶ በጣትህ አዙረህ ቆም አልክና «እታለም፣ አቀማመጡ ደስ አላለኝም። ጎንበስ በይና እይው እስቲ፣ ጫፉ ላይ ነው የቆመው» አልከኝ።

ጎንበስ አላልኩም። ነጭ ቀሚስ ለብሼ ነበር። «ለክቼዋለሁ። ዝም ብለህ እሰር» አልኩህ።

አንተም ዝም ብለህ አሰርክ። ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቅህ አንድ ዙር፣ ከዚያም መኪናዋን ያነሳውን ክሪክ አውርደህ ሁለተኛ ዙር አጠበቅህ። እኔ ከጎንህ ቆሜ ቆጥሬያለሁ። መቁጠር ልማዴ ነው።

ሁለታችሁም ውስጧ ሳላችሁ ጎማው ከጡብ ፋብሪካው በታች ካለው ጠመዝማዛ ላይ ወለቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን ካንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። አባባ ትከሻቸው ታስሮ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው «አንድ ነገር ነው ያዘዝኩህ። አጥብቅ ነው ያልኩህ። እሱን እንኳ አቃተህ?» ሲሉህ፣ ዞረህ እኔን አየኸኝ።

እኔ የአልጋውን አንሶላ አስተካከልኩ።

ሳላውቅ ነው ልልህ ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ዳዶው ስህተት መሆኑን አላወቅኩም። አንተ ማጥበቅህን ግን አውቅ ነበር። «አጥብቋል፣ አይቻለሁ» የሚል ሁለት ቃል ምላሴ ላይ ነበረ። ዋጥኩት። አንተ ካጠበቅህ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ሌላው ቦታ ደግሞ ዳዶዎቹን ያመጣሁበት የእኔ ቦርሳ ነበር። ያን ያህል ሒሳብ በቅጽበት መሥራት እችል ነበር፤ ሠራሁትም። ከዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት መልሱን በእጄ ሸፈንኩት።

በወሩ ሄድክ። መኪና የሚባል ዳግመኛ አልነካህም። ልብስ ስፌት ማሽን የምትጠግን ጎበዝ ሰው እንደሆንክ እሰማለሁ፤ ደስም ይለኛል። ግን አንድ ጊዜ በስልክ «ያጠበቅሁትን ብሎን ሁሉ ሦስቴ ተመልሼ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ሚስቴ ትስቅብኛለች» አልከኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከመለዋወጫ ሱቁ ወጥቼ በታክሲ ወደ ቤት ስመለስ ያ ሳቄ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

ለአባባ የነገርኳቸው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ቸርኬውን በረንዳው ላይ አጋደምኩ፤ ሁለቱን ዳዶዎች አጠገቡ አስቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ እስከ አንሶላው ድረስ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። አባባ ከአደጋው በተረፈው ደህና እጃቸው አሮጌውን ዳዶ አንስተው ቀዳዳው ላይ አኖሩት። ነካ አደረጉት። አዲሱን አኖሩ። ነካ አደረጉት። ብዙ ጊዜ ደጋገሙት።

«ዕድሜ ልክሽን የሰው ልጅ ወረቀት ስታርሚ ኖረሽ የራስሽን ደበቅሽው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«አዎ አባባ።»

«ልጁ አቀማመጡ ልክ አይደለም ብሎሽ ነበር?»

«ብሎኛል።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«እኔ ዝም ስላሰኘሁት ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይደለም። እኔ ስላልጠየቅኩት ነው። ምን ሆነ ብዬ አልጠየቅኩትም። ፈረድኩበት።»

ያንተን ስም ካነሱ ዓመታት አልፈው ነበር፤ «ልጁ ደህና ነው?» ነው የሚሉኝ፤ አንተም «አባባ ደህና ናቸው?» ትለኛለህ፤ እኔ በሁለታችሁ መካከል ደመወዝ የሌለው ፖስታ ቤት ሆኜ ኖሬያለሁ። ያን ዕለት ግን «ግሪሱ» ብለው በቅጽል ስምህ ጠሩህ፣ ልክ እንደ ድሮው፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ አትክልቱ አዞሩ። እኔም ላለማየት ተነስቼ ውኃ ላመጣ ገባሁ።

ስመለስ «መኪናዋ አትሸጥም» አሉኝ።

«ለገዥው ቃል ሰጥተናል እኮ።»

«ገዥው ሌላ ይፈልግ። ዳዶዎቹን ግዢና ትታሰር። እኔ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ።»

«አባባ፣ በስልክ ላገናኝዎት?»

«ሰውን ፊት ለፊት በድሎ በስልክ ይቅርታ የለም።»

«ሁለት ቀን ያስኬዳል። እርስዎ ደግሞ ሰማንያ አምስት ዓመትዎ ነው።»

«እና እሷስ ወጣት ናት?» አሉኝ፣ መኪናዋን በአገጫቸው እያመለከቱ።

ዐሥራ ስድስቱንም ገዛሁ። አንድ በአንድ በየቀዳዳው ላይ እያስቀመጥኩ በአውራ ጣቴ ነካሁ፤ በዚህ ጊዜ ጎንበስ ብዬ፣ ቀሚሴም ግሪስ ነክቶት። መካኒኩ በደንቡ አጠበቃቸው። «መቶ ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ቆማችሁ እንደገና አጥብቁ» ብሎኛል፤ መፍቻውን ከመቀመጫዬ ሥር አድርጌዋለሁ። ትናንት ከአባባ ጋር እስከ ጡብ ፋብሪካው ነድቼ ተመለስኩ። ጠመዝማዛው ላይ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። ጎማው ግን እንደ ታሰረ አለፈ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ጠዋት እንነሳለን። ቀኑን ያራቅሁት ይህ ደብዳቤ ቀድሞን እንዲደርስህ፣ አንተም ለማሰብ ጊዜ እንድታገኝ ነው። አትምጡ ካልክ ደውልልኝ፤ አባባን የማስረዳው እኔ ነኝ፤ ቅያሜም የለኝም፤ የመቀየም ተራው ያንተ ነው። ካልደወልክ ዓርብ አመሻሽ ላይ ከበርህ ፊት ለፊት አንዲት አረንጓዴ መኪና ትቆማለች። ሾፌሯ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በሰዓቱ እንደርሳለን።

እኔን ለመቅጣት ብዙ ጊዜ አለህ፤ የምትለኝን ሁሉ ቆሜ እሰማለሁ። ስለ አባባ ግን አንድ ነገር ልለምንህ። የሚሉህን እየተለማመዱ ነው። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ሆነው «ልጄ፣ ያን ጊዜ እኔ…» ይላሉ። ሁልጊዜ እዚያ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቆማል፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና ይጀምራሉ። እስካሁን አንድም ቀን አልዘለቁትም። በርህ ላይ ሲጀምሩ፣ ወንድሜ፣ አታስጨርሳቸው።

ማጥበቅህን ያየች እህትህ፣
እታለም