ዳንቴል ሠሪው ወንድሜ

ወንድምዓለም ጀማል፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። የተደበቅህባት ጓዳ ዛሬ መስኮት አላት፤ ልጄ ነው ግድግዳውን ያስከፈተው። ፀሐይ ገብታ ወለሉ ላይ ስትዘረጋ ባየሁ ጊዜ፣ ምነው አንተም ባየሃት ብዬ አዘንሁ።

ልጆቼ ስለ ደርግ ዘመን ልጅነቴ ሲጠይቁኝ ሳቅ ይቀድመኛል፤ እነሱም ግራ ይገባቸዋል። ከመሸንቲ ገበያ ወጣቶች ለውትድርና ታፍሰው በመኪና የተጫኑ ሰሞን፣ እማዬ አንተን ጓዳ አስገብታ በሩን በቁም ሣጥን ጋረደችው። እኔ ገና ትምህርት ቤት መግባቴ ነበር። ወንድምሽ የት ሄደ ላለኝ ሁሉ "ጅማ፣ አጎታችን ዘንድ" ማለት ለመድሁ። ከመደጋገሜ ብዛት አንድ ቀን ምሳህን ይዤልህ ገብቼ፣ አንተኑ "ጅማ ይዘንባል?" ብዬ ጠየቅሁህ።

በዚያ ጨለማ ጓዳ መቀመጡ ሊያሳብድህ ሲል አሮጌ ዳንቴል እየፈታህ አሠራሩን በራስህ ተማርህ። እጅህ ግሩም ነበር። እማዬ "የእኔ ሥራ ነው" እያለች ለጎረቤት መሸጥ ጀመረች፤ ቁልፍ እንኳ መትከል የማትችለዋ እማዬ!

ዝናው የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ጆሮ ደረሰ። መጥታ አልጋው ላይ ተቀመጠችና "እስቲ ኪሮሹን አምጪና አሠራሩን አሳዪኝ" አለች።

እማዬ ምስር እየለቀመች ነበር። ከመሃሉ አንዲት ጠጠር አውጥታ ጣለችና "ዛሬስ ይቅርታ፣ ዓይኔ አያይልኝም" አለቻት።

ከቁም ሣጥኑ ኋላ ሳቅህ አመለጠህ። እኔ ደንግጬ ያንተን ለመሸፈን እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። እማዬ "እንግዳ ፊት!" ብላ በጥፊ አለችኝ።

ሴትዮዋ ቁም ሣጥኑን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ቀስ ብላ "ሠሪውን እግዜር ይጠብቀው" አለች።

ሠሪዋን አላለችም። እማዬ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። በር በተንኳኳ ቁጥር መጡ እያልን ሰነበትን። ማንም አልመጣም፤ ሴትዮዋ አልተናገረችም። አንተ ግን ከጓዳዋ ሳትወጣ ዓመታት አለፉ።

ደርግ ወድቆ የወጣህ ቀን ጣና ዳር ይዤህ ሄድሁ። ዓይንህ ብርሃኑን አልቻለውም። ውኃው ማዶ የሌለው ሆነብህና እጄን ጨብጠህ "ቤት እንሂድ" አልኸኝ። እኔ ሮጬ የምጫወትበት ሜዳ ላንተ አስፈሪ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። ካረጀህም በኋላ በር ሲንኳኳ ብድግ ትል ነበር።

ወንድምዓለም፣ ልጆቼ ሲጠይቁኝ ሳቁንም ይህንንም እነግራቸዋለሁ። እኔ እስካለሁ ስምህን እጠራለሁ፤ ከእንግዲህ አልደብቅህም።

እህትህ ዘይነባ