ዓይኔን አሞኛል ያልኩሽ ጊዜ

ለውዷ ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ደጉ ይግጠምሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ። የጓዳው ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል፤ አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የተከለው ሎሚም ዘንድሮ አፍርቷል።

የመሥሪያ ቤትሽ መጽሔት ደረሰኝ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ መሆንሽን ከፎቶሽ ሥር አየሁ። የቀረው ጽሑፍ ደቆብኝ ሳፈጥ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ተቀብላኝ ጮክ ብላ አነበበችው፦ “ታሪክ መናገር የለመድኩት ለእናቴ ሳነብላት ነው። ዓይኗን ያማት ነበር።”

ቀና ብላ አየችኝ። “እትዬ፣ የምን ሕመም ነው? ያኔ ለሰፈሩ ሁሉ መርፌ ላይ ክር የሚያስገቡት እርስዎ አልነበሩም እንዴ?”

ስቄ አለፍኩት፤ ፊቴ ግን ነደደ።

ልጄ፣ ያኔ ዓይኔን አሞኝ አያውቅም። ማንበብ አልችልም ነበር። ደብተርሽን ይዘሽ ስትመጪ፣ ትንቀኛለች ብዬ ዋሸሁሽ። አንቺ ስታነቢልኝ ከመስመሩ ሥር የምታስኬጃትን ትንሿን ጣትሽን እየተከተልኩ ነው ፊደል የለየሁት። ይህንንም ደብቄሽ ኖርኩ። አሁን ውሸቴ በአንቺ ስም ታትሞ ሳየው መግቢያ አጣሁ። የአንቺ ሥራ የሚቆመው ሰው ቃልሽን ሲያምን ነው፤ እኔ ደግሞ ከሥሩ ውሸት አኖርኩበት።

ስለዚህ አርሚው፤ ለእኔ እፍረት አትሳሺ። ፈጣሪ አንደበትሽን ይባርክ፣ ሰሚ አያሳጣሽ።

መልስ ስትጽፊልኝ ግን ፊደሉን አጉይልኝ። የአሁኑ የዓይን ሕመም እውነት ነው።

እናትሽ