የኤሊዋ ሳጥን

ልመንህ፣

ሚኒባሱ ሊነሳ ነው፤ ነገ ማታ እመለሳለሁ። እስከዚያ ለኤሊዋ ቤት ሥራላት። ሰፊውን ካርቶን ከመስኮቱ አርቀው፤ የንፋስ መውጫ ከተማ ብርድ ለጨቅላ ምሕረት የለውም። አፈር አልብሰህ ትንሽ ውኃ እርጭበት። አምፖሉ በአንድ ጥግ ብቻ ይብራ፤ ሲሞቃት ጥላ ትፈልጋለች። የተሰበረውን የእንስራ ገል ደፍተህ መደበቂያ አድርግላት። ውኃዋን በጣሳ ክዳን አድርገው፣ እንዳትሰምጥ። ጎመን እንጂ እንጀራ አትበላም።

ሁለቱን የኤሊ ልጆች ሳላማክርህ ማምጣቴ ጥፋት ነው። «ኤሊ የገባችበት ቤት ነገሩ ይጎተታል፤ ሥራ ያልጠሩኝም በእነሱ ነው» ስትለኝ መሳቄም ደግ አልነበረም።

ግን ትናንት እህቷን ሞታ ያገኘኋት በጀርባዋ ተገልብጣ፣ ሆዷ ላይ ድንጋይ ተጭኖባት ነው።

«ድመት ይሆናላ» አልከኝ።

ድመት ድንጋይ አይጭንም፣ ልመንህ። የበሩ ቁልፍም ያለው እኔና አንተ ጋ ብቻ ነው።

ሌላ አልናገርም።

ሳጥኑ ተሠርቶ ካገኘሁት እንደ ድሯችን አብረን እንኖራለን። ካልተሠራ ግን…

የቀረችውን አልጋ ሥር አትፈልጋት። በኮቴ ኪስ ይዣት ሄጃለሁ።

ይታየው