ጆሮዬን ይዤ እጠብቅሻለሁ

የኔ ዓለም፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለስልስልሽ። እኛ ደህና ነን፤ በላክሽው ገንዘብ ጣሪያውም ተጠገነ።

እህትሽ ቆሻሻ መሰብሰብ ከጀመረች ወዲህ ጎረቤት ሲጸየፋት አፏን ዘግታ እንደነበር ታውቂያለሽ። አሁን አብረዋት የሚሰበስቡት ሴቶች ጠዋት ጋሪያቸውን አቁመው በየተራ የሆዳቸውን ይነጋገራሉ፤ ተናጋሪዋ ሳትጨርስ መምከር ክልክል ነው። እኔም ሄጄ፣ እህትሽ ገና አፏን ስትከፍት "አይዞሽ፣ እንዲህ አድርጊ" ብል፣ አለቃቸው "እናታችን፣ ጆሮዎን እንጂ አፍዎን ማን ጠራው?" ብላ አሳቀችብኝ። ዝም አልኩ፤ እኔ! እህትሽም "መኖር አስጠልቶኝ ነበር" አለች። ሳላቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማኋት። ማታ ግን ራቷን በላች፣ ሳቀችም። ደስታዬ ልክ የለውም!

አንቺ ስትደውዪ "ደህና ነኝ" ብቻ ነው፤ ድምፅሽ ግን ከስቷል። የሰው ቤት ስትጠርጊ ማን ሰው ይልሻል እያልኩ እጨነቃለሁ። እባክሽ ልጄ፣ እሑድ ስትደውዪ የሆድሽን ንገሪኝ፤ አልመክርም፣ አላቋርጥም። ፈጣሪ የሚሰማሽ ሰው አያሳጣሽ።