የዘይት ገዢ ለምን እንደቀነሰ ለጠየቁኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የዋጋ ቁጥጥር ቢሮ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ወንበርዎስ አልቆረቆረዎትም? እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ የሞተብን የለም።

በዚህ ወር የዘይት ገዢ ከግማሽ በላይ የቀነሰበትን ምክንያት እንዳብራራ ያዘዙበትን ደብዳቤ፣ ባለቤቴ ከተኛበት የሆስፒታል አልጋ አጠገብ ተቀምጬ በአክብሮት አነበብኩት። እኔ ተራ ባለሱቅ ነኝ፤ ቢሆንም በአቅሜ ላስረዳዎት።

፩. ሕዝቡ እንዲዘጋጅ በማሰብ፣ ማንኛውም ጭማሪ ከሦስት ቀን አስቀድሞ በሱቅ በር ላይ እንዲለጠፍ ደንግገዋል። እግዜር ይስጥልን፣ ሕዝቡ ተዘጋጅቷል። ዘይት ከሰኞ ጀምሮ በእጥፍ እንደሚሸጥ ዓርብ ጠዋት ብለጥፍ፣ በወር አንድ ሊትር የማታልፈው ጎረቤቴ እንኳ አምስት ጀሪካን አንጠልጥላ መጣች። እስከ ቀትር ያለኝ ሁሉ ተሟጠጠ።

፪. አለቀ ብል ማን ይመነኝ! ደብቃ ሰኞ በእጥፍ ልትቸበችበው ነው ተባለና በሬን ገነጠሉት። የገዙትም ሲነጣጠቁ ወለሉ ዘይት በዘይት ሆነ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ዘይት ግን አይለቀምም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደህና አደራችሁ ሲለን የኖረው ልብስ ሰፊ፣ የሁለት ኪሎውን የሚዛን ብረት አንስቶ የባለቤቴን ዓይን አለው። ባለቤቴ ተንሸራቶ ሲወድቅ ረገጡት። እኔም ምን እደብቅዎታለሁ፣ የልብስ ሰፊውን ጆሮ በጥርሴ ይዤ ደሙ አፌን እስኪሞላው አልለቀቅኩም፤ አሁንም አልጸጸትም።

፫. ሰኞ ዋጋው እጥፍ ሆነ፣ ዘይቱም በሽ በሽ ሆኖ መጣ። ማን ይግዛው? ከፊሉ አልጋው ሥር ደርድሯል፤ አቅም ያጣው በውሃ ቀቅሎ ይበላል። ክቡርነትዎ፣ ዋጋ ሲወጣ ገዢ እንደሚቀንስ ተምረዋል። ሊወጣ ነው ሲባል ሰው እንደሚበላላ ግን ያስተማረዎት የለም።

፬. የባለቤቴ ቀኝ ዓይን እንደማይመለስ ሐኪሙ ትናንት ነግሮናል፤ የግራው ገና አልታወቀም። ከደብዳቤዎ ጋር በላኩልኝ ቅጽ ላይ ለዚህ የተተወ ቦታ ስላጣሁ ከጀርባው ጻፍኩት።

ለሕዝብ ስላሰቡ ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

ትእዛዝዎን አንድም ቀን ያላጓደለች፣
የማዕዘኑ ሱቅ ባለቤት

ማስታወሻ፦ ዱቄት ከሰኞ ጀምሮ እንደሚጨምር የሚገልጸው ማስታወቂያዎ ዛሬ ደርሶኝ ወዲያውኑ ለጥፌዋለሁ። ያለኝ ለግማሽ ቀን እንኳ ስለማይበቃ፣ ሲያልቅ የት ሄደው እንደሚጠይቁ ሰዎቹ እንዳይቸገሩ፣ የመኖሪያ ቤትዎን አድራሻ ከሥሩ በትልቁ ጽፌላቸዋለሁ።